ስመለስ ያልናት ባለጋቢ

ሻጭ ሲለማመጠኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ይህን ድክመቴን አርባ ምንጭ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ በተለይ ሲቀላ ገበያ የሚውለው ሕዝብ። ገና ከባጃጅ ሳልወርድ «መምህር! ደንበኛ! ዛሬማ አታልፈኝም!» ይሉኛል። አንዷ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ታሸክመኛለች፤ ሌላዋ ለባልና ሚስት ቤት የማይሆን፣ ጉማሬ የሚያህል ዱባ ታሳቅፈኛለች። አሳ ሻጩማ ከጫሞ የመጣውን አሳ አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ዓይኑን እየው፣ ገና ያያል እኮ!» እያለ እስከ መንገዱ ማዶ ይከተለኛል። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ወጥቼ መጥረጊያ፣ ወንፊትና አንድ ዶሮ ይዤ ገባሁ። ጨዉን ረስቼው ነበር።

ስገዛ የባለቤቴን ፊት ማየት አፍራለሁ፤ ሳልገዛ ስቀር ደግሞ የሻጯን ፊት። ለዚህ በሽታዬ ያለኝ መድኃኒት «ስመለስ» የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች። የተወለድኩት ወሎ ነው። እኛ ቤት ሰውን ፊት ለፊት አልፈልግም ማለት በጥፊ ከመምታት አይተናነስም ነበር። ስለዚህ ገበያ የወጣ ሰው የማይገዛውን ዕቃ ያገላብጥና «በጣም ጥሩ ነው፤ ስመለስ» ብሎ ያልፋል። ሻጩም እንደማይመለስ እያወቀ «በደህና ተመለስ» ብሎ ይሸኘዋል። ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልተቀየመ። ቢያንስ እኔ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ ግን ከጨንቻ ወዲያ በእግር ከሚገባበት የደጋ መንደር የመጣች የወንጌል አገልጋይ ልጅ ናት። እነሱ ቤት ነገር አንድ ጊዜ ይባላል፤ የተባለው ደግሞ ይደረጋል። ሲቀላ አብረን ስንወጣ የሚጎትታትን ሻጭ ዞር ብላ ታይና ፈገግ ብላ «አልገዛም» ትለዋለች። በቃ። ሻጩ ይለቃታል። አጠገቧ የቆምኩት እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«ቢያንስ ስመለስ በይው» አልኳት አንድ ቀን።

«እንመለሳለን እንዴ?»

«አንመለስም።»

«ታዲያ ለምን እላለሁ?»

«ይሉኝታ ነዋ! እንዲያው በሰው ፊት ድርቅ ማለት ነውር ነው።»

«ይሉኝታ ከያዘህ ግዛው» አለችኝ። በንግግሯ ቁጣ አልነበረበትም፤ ነገሩ በእርግጥ አልገባትም ነበር።

እዚህ ላይ ስለራሴ ሌላም መናገር አለብኝ። የማስተምረው አማርኛ ነው። ለባለቤቴ ደግሞ አማርኛ ከጋሞኛ ቀጥሎ በትምህርት ቤት የመጣ ቋንቋ ነው። አንዳንዴ «እናቴ ደህና ነው» ትላለች፤ እኔም እንግዳ ፊት ሳይቀር «ደህና ናት» እያልኩ አርማት ነበር። ቀልድ አስመስዬ ነው የማርማት፤ እሷም ቀልድ አስመስላ ትቀበለዋለች፤ በሚቀጥለው ቀን ግን አስተካክላ ትናገራለች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ስለዚህ ደጋግሜ «እንዲህ አይባልም፣ ስመለስ ነው የሚባለው» ስላት፣ የከተማ ሰው ሥርዓት ይሆናል ብላ ተቀበለችኝ መሰለኝ።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። አማቴ በዚያ የደጋ መንደር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ጎረቤት ይጠይቃቸዋል፣ ውሃም ይቀዳላቸዋል። ታዲያ መርሳት ጀምረዋል። የሞተ ሰው ሰላምታ ይልካሉ፣ ያጠፉትን እሳት ሄደው ያጠፋሉ። ባለቤቴ ቢያንስ በወር አንድ ቅዳሜ እየወጣች ታያቸዋለች። ጎረቤታቸው፣ በሲቀላ ድንች የምትሸጥ ጠንካራ ሴት፣ አንድ ቀን ጠርታ ነገረቻት። «እናትሽ የሚያዩትን ይይዛሉ፣ ያላዩትን ይጥላሉ። የኔን ልጆች ስም ሁሉ ያውቃሉ፤ የገዛ ወንድማቸውን ግን ስለማይመጣ ረስተውታል። አንቺ እንዳትጠፊ።» ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ እራት አልበላችም። ከዚያ በኋላ አንድም ወር አልዘለለችም።

በአንዱ ቅዳሜ እኔም አብሬያት ወጣሁ። ሚኒባሱ ዙሪያ ጥምጥሙን ወጥቶ ጨንቻ ሲደርስ ያ የታወቀው ብርድ ተቀበለን። የገበያ ቀን ነው። ወደ አማቴ መንደር የሚወስደው የእግር መንገድ ገበያውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ለእግረኛ ሌላ መንገድ የለም። ስኳርና ጨው ገዝተን ልናልፍ ስንል አንዲት ሴት ከጋቢ ሻጮቹ መሃል ብድግ ብላ መንገዱን ዘጋችብን። አጭር ናት፣ ክንዷ ግን የጎማ ነው የሚመስለው፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም። ባሏ ይሸምናል፣ እሷ ትሸጣለች። ጋቢውን ዘርግታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

«ጋሼ፣ ልበሺ! ይሞቃል! ልበሺ፣ እይው!»

ልበስ ነው የሚባለው ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ጋቢው እውነትም ያምር ነበር፤ ጥለቱ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ አንድ ክር ያልተዛነፈ። ባለቤቴ ጫፉን በጣቷ ዳበሰችው። ሴትዮዋ ይህን አየች። ወዲያው እኔን ትታ ባለቤቴን በእጅጌዋ ያዘችና በጋሞኛ ታወርድባት ጀመር። ባለቤቴ አንገቷን ስትነቀንቅ «አልገዛም» ልትል እንደሆነ ገባኝ። ዙሪያችንን ሰው ቆሟል፤ የጋቢው ሙቀት ትከሻዬ ላይ አለ። ያ የፈረደበት ይሉኝታዬ ተነሳብኝ።

«ስመለስ በያት!» አልኳት በሹክሹክታ። «የሀገርሽ ሰው ፊት እንኳ ጨዋ ሁኚ እንጂ!»

ባለቤቴ አየችኝ። ከዚያ ለሴትዮዋ አንድ ነገር አለቻት። ሴትዮዋ ወሬዋን አቁማ መልሳ ጠየቀቻት፤ ባለቤቴም አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሷ አይታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ጋቢውን ከትከሻዬ አንስታ በጥንቃቄ አጠፈችው፤ ከሌሎቹ ጋር ግን አልዘረጋችውም። ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ትንሽ እንደሄድን።

«እውነት ትመለሻለሽ ወይ አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አዎ አልኳት።»

«ጎበዝ! አሁን ከተሜ ሆንሽ» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አማቴ ጋ ስንደርስ በደህና ቀን ላይ ነበሩ። ልጃቸውን በስሟ ጠሩ፤ እኔንም ካሰቡ በኋላ አወቁኝ። ቆጮና ጎመን በላን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያ የእግር መንገድ ጭቃ ነው። እንዴት እንደምንወርድ ስንጨነቅ በወዲያ ማዶ ባለው፣ የሕዝብ መኪና በማይገባበት ጥርጊያ መንገድ ለሥራ እስከ መንደሩ የመጣ የአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ሊመለስ ሲነሳ አገኘነው። ሾፌሩ በዓይን የማውቀው ሰው ነው። «ግቡ፣ አርባ ምንጭ ድረስ» አለን። እኔ ጋቢና፣ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ገባን። እንዲህ ያለ ዕድል ከሰማይ የወረደ ነው ብዬ ስለ ሾፌሩ እግዜርን አመሰገንኩ።

ጨንቻ ስንደርስ ገበያው ተበትኗል። አንዳንድ ሰው ላስቲክ ደርቦ ይሮጣል። ባለጋቢዋን አየኋት። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ዘንቢሏን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ፊቷ ወደ መኪና መንገዱ አልነበረም፤ ጠዋት እኛ በሄድንበት የእግር መንገድ በኩል ነበር። ጀርባዋን ሰጥታን ነው የቆመችው።

«ቁም በለው» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

ሾፌሩን አየሁት። መንገዱ እንዳይበላሽ ቸኩሏል፤ መስታወቱን በእጁ እየጠረገ ነው የሚነዳው። ውለታ የዋለልንን ሰው ለጋቢ አስቁሞ በዝናብ ማስጠበቅ አሳፈረኝ። «ተይ፣ ሰውየውን አናስቸግረው» አልኳት ዝቅ ብዬ። «አሁን ይቺን ማን ያስታውሳታል! እሷም ረስታዋለች።»

«እየጠበቀችኝ ነው።»

«ዝናቡን ነው የምትጠብቀው።»

መኪናው አለፋት። ባለቤቴ ሐይቆቹ እስኪታዩ ድረስ ዞራ በኋላው መስታወት ታይ ነበር። ቤት ገብተንም የተቀየመች አትመስልም ነበር፤ ሻይ አፈላች፣ ልብስ አጠፈች። እኔም አለፈ ብዬ ደስ አለኝ።

ከሳምንት በኋላ የአማቴ ጎረቤት፣ ድንች ሻጯ፣ መጣች። ሲቀላ ስትወርድ ቤታችን ጎራ ማለት ልማዷ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ቁጭ ሳትል ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች ትመረምራት ጀመር። ደህና መሆኗን ካየች በኋላ ነው የተቀመጠችው። ለካስ ባለጋቢዋ በቀጣዩ የገበያ ቀን ከመንደሩ የመጣውን ሰው ሁሉ ስትጠይቅ ውላለች። የዚያ አገልጋይ ልጅ ምን ሆነች? እመለሳለሁ ብላኝ ቀረች፣ አሟት ነው? መኪና ተገልብጦባቸው ነው? ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ አማቴ ጆሮ ደረሰ። አማቴ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራፍ ላይ ተቀምጠው ነበር ያገኟቸው።

«ደህና ነኝ በያቸው» አለች ባለቤቴ።

«እላለሁ። ታዲያ ለምን ቀረሽ ቢሉኝስ?»

ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆ ልታነሳ ጎንበስ አለች። መልሱ እኔ ጋ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። እስካሁን የምጸጸተው በዚያ ዝምታ ነው፤ በጋቢው ብቻ አይደለም። «ስመለስ በይ ያልኳት እኔ ነኝ» ማለት ምን ይከብድ ነበር? እንግዳ ፊት «ደህና ናት» ብሎ ለማረም የሚቀድመው አፌ ያን ቀን ተቆለፈ።

በዚያ ሀገር የድሮ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥፋት ጎሜ ይሉታል፤ ነገር አጥፍተህ ዝም ካልክ ሄደህ በአፍህ እስክትናገረው ድረስ መዘዙ ቤትህን አይለቅም ይላሉ። ባለቤቴ በዚህ አታምንም፤ ቤተ ክርስቲያንም አስተምራታለች። በሐፍረት ግን ታምናለች። እናቷ ጋ ለመድረስ በዚያ ገበያ ማለፍ፣ በዚያ ገበያ ለማለፍ ደግሞ ያቺን ሴት ማየት ግድ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ አለብኝ አለች። በሌላው ራሷን አመማት። አንድ ቀን እስከ መናኸሪያ ሄዳ ተመለሰች። እኔም እያየሁ ያላየሁ መሰልኩ።

በመጨረሻ «እኔ ሄጄ ጋቢውን ገዝቼ ልምጣ፣ ነገሩ ይለቅ» አልኳት። አልከለከለችኝም። ወጣሁ። ባለጋቢዋ ገና ከሩቅ ስታየኝ ተነስታ ከኋላዬ ሰው ትፈልግ ጀመር።

«እሷስ?» አለችኝ።

«አልመጣችም። እኔ ልግዛው ብዬ ነው።»

«አንቺ አይደለሽም» አለችኝ ቁርጥ አድርጋ። «እሷ ናት ያለችኝ። እሷ ትምጣ። አሟታል?»

«ደህና ናት።»

ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ አሟታል ብላት የሚሻል ይመስል ነበር። ግን ሻጭ ናትና፣ ሌላ ጋቢ አንስታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «አንቺ ይሄን ልበሺ!» እጅጌዬን ያዘች። ምን ልበላችሁ! ገዛሁት። የምፈልገው ጋቢ እዚያው ዘንቢሏ ውስጥ እያለ የማልፈልገውን ተሸክሜ ወረድኩ። አማቴ ጋ እንኳ አልዘለቅኩም፤ ያለ ልጃቸው ምን ብዬ እገባለሁ ብዬ ነው። ባለቤቴ ጋቢውን አየችው፣ ጥለቱን አየችው፣ ያ እንዳልሆነ አወቀች። ወንበር ላይ አነጠፈችው። እንግዳ ሲመጣ ይቀመጥበታል።

ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተበላሸ። አሁን ሰበብ መፈለግም አላስፈለገም። ድንች ሻጯም አትወርድም። ዝናቡ ጣራችን ላይ ሲወርድ ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ቆማ ተራራውን ታያለች፤ ተራራው ግን በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ከእሷ ጋር ብቻችንን በሆንን ቁጥር ጥፋቱ የኔ ነው ልላት እጀምራለሁ፤ ከዚያ ስለ ደመወዝ ወይ ስለ ጎረቤት አወራለሁ።

መስቀል ደረሰ። ጋሞ ውስጥ ለመስቀል ሀገሩ ያልገባ ሰው እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ይገባል። ባለቤቴ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ «አብሬሽ እመጣለሁ» አልኳት። «ና» አለችኝ።

ጨንቻ ከሚኒባሱ እንደወረድን አንገቷን ቀና አድርጋ በቀጥታ ወደ ጋቢዎቹ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ተከተልኩ። ሴትዮዋ አየቻትና ብድግ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ ከሳች አልከሳች፣ ታማ ነበር አልነበረም። ባለቤቴ በጋሞኛ ብዙ ተናገረች። ወደ እኔ አልጠቆመችም። እኔ ነኝ ያስባልኳት ልል ጋሞኛው የለኝም፤ በአማርኛ ደግሞ ሳልለው ቀረሁ።

ሴትዮዋ አዳመጠች፣ ተቆጣች፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ ሳቀች።

«ምን አለችሽ?» አልኩ።

«ሸጥኩት አለችኝ። ለመስቀል ገበያ ሸጥኩት፣ እኔማ ትቼዋለሁ አለች።» ባለቤቴም ልትስቅ ሞክራ ነበር።

ይህን እያወራችኝ ሴትዮዋ አዲስ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጥላባት ነበር። ባለቤቴ ጫፉን ሳትነካ «አልገዛም» አለቻት፤ ፈገግ ብላ። ሴትዮዋ «እሺ» አለች። ጋቢውን አንስታ ወደ ሌላ ሰው ዞረች። እንደዚያ ቀላል ነበር። አልተቀየመች፣ ፊቷም አልጠቆረ። ያን ሁሉ ወር የፈራነው ነገር ይህ ነበር።

አማቴ እልፍኝ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል፣ ፊታቸውም ታጥቧል፤ ድንች ሻጯ አዘጋጅታቸዋለች። ባለቤቴ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። አማቴ መረቋት። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ። ማንም ባይተረጉምልኝም ገባኝ። ይቺ ልጅ የማን ናት ማለታቸው ነው።

ጎረቤቷ ስሟን ነገረቻቸው። አማቴ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የማያውቁት ሰው ሲያስተዋውቋቸው እንደሚደረገው። ባለቤቴም ስሟን ደግማ፣ ደጋግማ ነገረቻቸው። የአባቷን ስም፣ የልጅነቷን ነገር፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ስታወራ ዋለች። አማቴ ደስ ብሏቸው አዳመጡ። ጥሩ እንግዳ መጣልኝ ያሉ ይመስሉ ነበር። «በክረምቱ ነው» አለችኝ ጎረቤቷ ለእኔ ብቻ፣ በአማርኛ። «መጀመሪያ በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። በኋላ ማንን እንደሚጠብቁ ጠፋባቸው።»

መሄጃችን ሲደርስ ባለቤቴ ሻንጣዋን አንስታ ልትሰናበት አጎነበሰች። አማቴ እጅጌዋን ያዙ። አጥብቀው ነው የያዙት፤ ከዚያ እጅ ይህን ያህል ጉልበት አይጠበቅም። አንድ ነገር አሏት፤ ሁለት ቃል ብቻ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን ገበያው መሃል እንዳየችኝ አድርጋ።

«ምን አሉሽ?»

«ትመለሻለሽ ወይ አለችኝ።»

ምን እንድላት እንደጠበቀች አላውቅም። የምሰጣት ቃል አልነበረኝም፤ ያለኝ ያቺው «ስመለስ» ብቻ ነበረች። ባለቤቴ እናቷን ደግማ አየቻቸው። ከዚያ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ከእሳቱ ዳር፣ እጅጌዋን ሳታስለቅቅ ተቀመጠች።

«አንተ ውረድ» አለችኝ። «ለመሥሪያ ቤቴ ንገርልኝ።»

ብቻዬን ወረድኩ። ገበያው ጋ ስደርስ ባለጋቢዋ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነበር። እንደተለመደው እጅጌዬን ልትይዝ መጥታ፣ ከኋላዬ ሰው እንደሌለ አየችና እጇን መለሰች።

«እሷስ?»

«እናቷ ጋ ቀረች።»

ራሷን ነቀነቀች። «አንቺስ ትመለሻለሽ?» አለችኝ።

ያቺው ቃል አፌ ላይ ነበረች። «አላውቅም» አልኳትና ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።